ናታኒኤል ባልድዊን እና የጆሮ ማዳመጫው

በሰው አካል ላይ የሚውል መሣሪያ በኤሌክትሪክ ሕግ ብቻ አይመዘንም። ድምፅን አጥርቶ የሚያመጣ የጆሮ ማዳመጫ ጆሮን የሚቆረቁር፣ ራስን እንደ ጉጠት ጨምቆ የሚይዝ ወይም ጎንበስ ባሉ ቁጥር ተንሸራቶ የሚወድቅ ከሆነ ባለቤቱ ከራሱ ላይ አውርዶ ከጠረጴዛው ያኖረዋል፤ ከዚያ በኋላ የድምፁ ጥራት ለማንም አይጠቅምም። ይህ ችግር ከመሣሪያው ጋር አብሮ ተወልዶ አብሮት የኖረ ነው። በሁለቱም ጆሮ ላይ የሚያርፈውንና በአናት ላይ በተዘረጋ ማሰሪያ የሚያዘውን ማዳመጫ ለሰፊ አገልግሎት ካበቁት ሰዎች ቀዳሚ የሆነው አሜሪካዊው ናታኒኤል ባልድዊን ነው። የዚህን ሰው ሕይወት በኢንጂነሪንግ ሙያ ለተሰማሩ ሁሉ መመርመር የሚገባው የሚያደርገው፣ ዋጋ የሰጠው በመሣሪያው ውስጥ ላለው ረቂቅ ሥራ ብቻ መሆኑ፣ ራስን እንዳያሳምም ብሎ የጨመረበትን ግን ከቁም ነገር ሳይቆጥር መቅረቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

ባልድዊን ዲሴምበር 1 ቀን 1878 ዓ.ም. ፊልሞር በምትባል ትንሽ የዩታህ ከተማ ተወለደ። ዩታህ ያን ጊዜ ገና እንደ ሙሉ ስቴት አልታወቀችም ነበር፤ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ተከታዮች ደረቁን ምድር በመስኖ እያለሙ የሰፈሩባት፣ ሃይማኖትና ማኅበራዊ ኑሮ ተለያይተው የማይታዩባት አገር ነበረች። የባልድዊንም ቤተሰብ ከእነዚሁ ወገን ነው። ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው ቢስክሌትና ትንሽ የእንፋሎት ሞተር በገዛ እጁ ለመሥራት የሚታትር፣ ያገኘውን ብረት ሁሉ ፈትቶ የሚገጣጥም ዓይነት ነበር። ትምህርቱን በፕሮቮ ከተማ በሚገኘው በብሪገም ያንግ አካዳሚ፣ ቀጥሎም በሎጋን በነበረው የግብርና ኮሌጅ፣ በመጨረሻም በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተከታትሎ በኤሌክትሪክ ኢንጂነሪንግ ሠለጠነ። በፕሮቮም ፊዚክስና የሃይማኖት ትምህርት አብሮ አስተማረ።

ፊዚክስና ሃይማኖት በአንድ መምህር እጅ መዋላቸው በዚያ ዘመንና በዚያ ስፍራ የሚያስደንቅ አልነበረም። ችግር የመጣው ከሌላ በኩል ነው። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን በ1890 ዓ.ም. በይፋ ትታለች። ባልድዊን ግን የቀድሞው ሥርዓት አምላካዊ ትእዛዝ ስለሆነ ሊሻር አይገባውም ብለው ከሚያምኑት ጋር ቆመ፤ አቋሙንም የሚሰውር ሰው አልነበረም። በዚህ ምክንያት ከመምህርነት ሥራው ተሰናበተ። አንድ የተማረ ኢንጂነር በሶልት ሌክ ሲቲ አቅራቢያ ባለው በሚል ክሪክ ሸለቆ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ሆኖ ኑሮውን ሊገፋ የቻለውም ስለዚህ ነው። ሥራው ብቸኝነት የበዛበት ቢሆንም ለሚያስብ ሰው ጊዜ የሚሰጥ ነበር።

ባልድዊን ወደ ድምፅ ምርምር የገባበት ምክንያት ቀላል ነው። በሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘው ታበርናክል የተባለው ታላቅ የጸሎት አዳራሽ በ1867 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚይዝ፣ በድምፅ አስተላላፊነቱም ዝናው የተሰማ ሕንፃ ነው። ሆኖም ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን በኋላ ረድፍ ለተቀመጠ ሰው የሰባኪው ቃል እየተቆራረጠ ነበር የሚደርሰው። ባልድዊን ይህን በራሱ ጆሮ ያየው ነው። በመጀመሪያ ያሰበው በታመቀ አየር ኃይል ድምፅን ማጉላት ነበር፤ ይህ ሐሳብ ራሱ ወደ ሌላ ጥያቄ መራው። ድምፅን ለማጉላት አስቀድሞ እጅግ ደካማ የሆነውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በታማኝነት ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጥ አካል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ አካል ግን በጊዜው በነበሩት ስልኮች ውስጥ አልተገኘም።

ምን እንደጎደላቸው ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። ከቤል ስልክ ጀምሮ ማዳመጫ ሆኖ የኖረው መሣሪያ ቋሚ ማግኔት፣ በላዩ የተጠመጠመ ሽቦና ከፊቱ የተዘረጋ ስስ የብረት ዲያፍራም ነበረው። ማግኔቱ ዲያፍራሙን ሌት ተቀን ወደ ራሱ ይስበዋል። ዲያፍራሙም ከማግኔቱ ላይ እንዳይጣበቅ ጠንከር ያለ መሆን ግድ ነው፤ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ደካማ ሞገድ አያንቀሳቅሰውም። ሸክም ተሸክሞ ያጎነበሰን ሰው በጣት ጫፍ ቢነኩት እንደማይሰማው ሁሉ፣ ሁልጊዜ የተወጠረ ብረትም ለቀጭን ድምፅ ደንታ የለውም።

በራስ ላይ አድርጎ የማዳመጡም ነገር ቢሆን ገና መልክ አልያዘም ነበር። በ1880ዎቹ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች በጊሊላንድ የተነደፈውን፣ ከአሥር ፓውንድ በላይ የሚመዝነውን አንድ ጆሮ ብቻ ያለው መሣሪያ በትከሻቸው ተሸክመው ይሠሩ ነበር። ይህም ከአራት ኪሎ ተኩል በላይ ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ፈረንሳዊው ኢንጂነር ኧርነስት መርካዲየ በ1891 ዓ.ም. ሃምሳ ግራም እንኳ የማይሞላ፣ በጆሮ ቀዳዳ የሚሰካ ጥንድ ማዳመጫ በፓተንት አስመዝግቦ ነበር። ጫፉንም ቆዳውን እንዳይፍቅና የውጭውን ጫጫታ እንዲከለክል በጎማ ሸፍኖታል። ዛሬ በየኪሱ የሚገኘውን ትንሽ ማዳመጫ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስገርም ቅድመ እይታ ነው። መርካዲየ ጆሮን ያወቀ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ባልድዊን ደግሞ ማግኔትን ያወቀ ሰው ነበር።

የባልድዊን መፍትሔ ብረቱን ከውጥረት ማሳረፍ ነው። በመሣሪያው መካከል ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ቴክኒሻኖች አርማቸር የሚሏት ናት። ይህች ምላስ በመካከሏ ተደግፋ፣ በዙሪያዋ ሽቦ ተጠምጥሞ፣ ጫፎቿ በማግኔቱ ዋልታዎች መካከል እኩል ርቀት ጠብቀው ይቆማሉ። በሁለቱም ወገን ያለው ስበት እኩል ስለሆነ ምላሷ ወደ የትም አትጎተትም፤ እህል ያልተደረገበት ሚዛን ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ማለት ነው። በሽቦው ውስጥ ጥቂት ሞገድ ሲያልፍ ያ እኩልነት ይፈርሳል፤ ምላሷም ትወዛወዛለች። ከአንድ ጫፏ የተነሣ ቀጭን ዘንግ እንቅስቃሴዋን ከሚካ ወደ ተሠራ ዲያፍራም ያደርሳል። ሚካ ቀላልና ማግኔት የማይስበው በመሆኑ ዲያፍራሙ ሌላ ሥራ የለበትም፤ የሚያደርገው አየሩን መግፋት ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ የሚጠመጠመው ፀጉር መሰል የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋ አንድ ማይል ያህል እንደሚረዝም ይነገራል። ለመሣሪያው የተሰጠው የአሜሪካ ፓተንት ቁጥሩ 957,403 ሲሆን የወጣውም በሜይ 10 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው።

የሥራው ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሚዛን የተባለ ነገር ሁሉ ሲነካ ይናጋል። መሣሪያው ከወደቀ ምላሷ ከመካከል ፈቀቅ ብላ ከአንዱ ዋልታ ትጣበቃለች፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ወይ ይንኮሻኮሻል ወይ ጨርሶ ይጠፋል። ለሞርስ ምልክት የሚበቃው ቀጭን ድምፁም ለሙዚቃ ሲሆን ደረቅ ነበር። ነገር ግን ለጊዜው ከሁሉ ይፈለግ የነበረው ንቃት ነው፤ በንቃት ደግሞ የሚስተካከለው አልነበረም።

ባልድዊን ፈጠራውን ይዞ የሚገዛው ፈለገ። ለስሚትሶኒያን ተቋም አቀረበ፣ ለግል ኩባንያም አቀረበ፤ የተቀበለው አልነበረም። በመጨረሻ በ1910 ዓ.ም. ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ደብዳቤ ጻፈ፤ የሚሞከር ጥንድ ማዳመጫም አያይዞ ላከ። ደብዳቤው የደረሰው በዋሽንግተን የባሕር ኃይሉን የሬዲዮ ክፍል ይመራ ለነበረው ለሌተናንት ኮማንደር አርተር ሄፕበርን ነው፤ ይህ መኮንን በኋላ አድሚራል ሆኖ የአሜሪካን የጦር መርከቦች ጓድ እስከ መምራት የደረሰ ሰው ነው። የባልድዊን ደብዳቤ በሰማያዊና በሐምራዊ ወረቀት ላይ በወይን ጠጅ ቀለም የተጻፈ ስለነበር፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከለመደው የኩባንያ ጽሕፈት ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። ብዙ ሹም እንዲህ ያለውን ወረቀት ከቅርጫት ይጥለው ነበር። ሄፕበርን አልጣለውም፤ መሣሪያው እንዲሞከር አደረገ። ውጤቱም ባሕር ኃይሉ ይገለገልባቸው ከነበሩት ማዳመጫዎች ሁሉ የላቀ ሆኖ ተገኘ።

የዚህን ውጤት ክብደት ለመገንዘብ የጊዜውን የሬዲዮ ሁኔታ ማስታወስ ይገባል። የራዲዮ ማጉያ ቱቦ በሥራ ላይ ገና አልዋለም። ከአንቴናው የሚመጣው እጅግ ጥቂት ጉልበት በመርማሪ ክሪስታል አልፎ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው ይገባል፤ ጆሮ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሚንቀሳቀሰው ከሩቅ መርከብ አየሩን አቋርጦ በመጣው ጉልበት ብቻ ነው። ሌላ የሚጨመርበት ኃይል ስለሌለ ማዳመጫው ይበልጥ ቢነቃ የጣቢያው መድረሻ ርቀት ሰፋ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በአናት ላይ የሚውለው ይህ ትንሽ ዕቃ ከከፍተኛው የአንቴና ምሰሶ የማይተናነስ ዋጋ ነበረው።

ባሕር ኃይሉ ግዢ ጠየቀ። ባልድዊንም በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ ትእዛዝ ሊቀበል እንደማይችል አስታወቀ። ምክንያቱ ደግሞ ፋብሪካ የሌለው መሆኑ ነው፤ ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ የሚሠራው በቤቱ ማድቤት፣ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የአንድ ታላቅ መንግሥት የጦር መርከቦች በዩታህ ሸለቆ ውስጥ ካለ ማድቤት የሚወጣውን አሥር አሥር ማዳመጫ ሲጠባበቁ ማየት ዛሬ እንደ ተረት የሚቆጠር ነው።

ከዚያ የተከተለው ግን ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው ነገር ነው። የባሕር ኃይሉ ኦፕሬተሮች በድምፁ ረክተው በማሰሪያው አማረሩ። አንድ የሬዲዮ ኦፕሬተር በመርከብ ላይ የሚያሳልፈው ተረኛነት በተለምዶ አራት ሰዓት ነው። በእነዚያ ሰዓቶች ውስጥ የኤቦናይቱ ሽፋን ጆሮን ከራስ ቅል ጋር አጣብቆ ይጫናል፤ ጆሮ ይግላል፣ ያልባል፣ በመጨረሻም ይደነዝዛል። ማሰሪያው ፀጉር ይነቅላል። መርከቡ በማዕበል ሲናወጥ የማይጨብጥ ማሰሪያ ከራስ ላይ ይሸሻል፤ የሚጨብጥ ማሰሪያ ደግሞ ያሳምማል። የመብረቅ ፍንዳታ ድንገት ሲሰማ ንቁ ማዳመጫ ከሌላው አብዝቶ ጆሮን ይመታል። የአለቃን ትእዛዝ ለመስማት አንዱን ጆሮ ገለጥ ማድረግም ያስፈልጋል። በሀገራችንም በስልክ ማዞሪያ ጠረጴዛ ላይ ያገለገሉ ሠራተኞች ይህን ስሜት ከማንም ማብራሪያ ሳይፈልጉ ያውቁታል። አቤቱታው የተራ ሠራተኛ ማጉረምረም ሳይሆን የመገናኛው ጥራት ጉዳይ ነው፤ ጆሮው የሚያመው ሰው ማዳመጫውን ላላ አድርጎ ይይዛል፣ ላላ ሲልም በጆሮና በማዳመጫ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ በክፍተቱም በብዙ ድካም የተገኘው ድምፅ አምልጦ የመርከቡ ሞተር ጩኸት ይተካል።

ባልድዊን ለዚህ አቤቱታ የሰጠው መልስ እንደ ማግኔቱ ሥራ ቀላልና ብልኅ ነበር። ሰፊውን የብረት ቀበቶ ትቶ በቆዳ የተሸፈኑ ሁለት ቀጫጭን የሽቦ ዘንጎችን በአናት ላይ ዘረጋ። ሁለቱም እንደ ልብ ስለሚከፈቱና ስለሚገጥሙ ክብደቱ በአንድ መስመር ላይ አያርፍም፤ ተከፋፍሎ በራስ ቅል ላይ ይሰፍራል። ማዳመጫዎቹ በዘንጎቹ ጫፍ ተይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንሸራተቱ ረጅም ፊትም ሆነ አጭር ፊት ላለው ሰው ይስተካከላሉ፤ በመያዣቸው ላይም ስለሚዞሩ ከጆሮው ጋር ራሳቸውን ያስማማሉ። አንዱ መርከበኛ ተረኛነቱን ጨርሶ ለሌላው ሲያስረክብ፣ ተረካቢው በጣቱ ገፋ አድርጎ በራሱ ልክ ያደርገዋል። በሁለት ጆሮ ላይ የሚውል፣ በአናት ማሰሪያ የሚያዝ፣ ለማንም ራስ የሚስተካከል ማዳመጫ ተብሎ ዛሬ የሚታወቀው ዕቃ ሙሉ መልኩን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህንንም ንድፍ በፓተንት እንዲያስመዘግብ ተመከረ። ባልድዊን ግን አልፈለገም፤ በእርሱ አስተያየት ማሰሪያው ለፓተንት የማይበቃ ተራ ነገር ነው። ሽቦ ማጠፍና ቆዳ ማልበስ ማንም የሚያደርገው ሥራ ነው፤ ፈጠራ ማለት በማግኔቱ መካከል ያለው ነው። አስተሳሰቡ በኢንጂነሮች ዘንድ ዛሬም የተለመደ ስለሆነ እርሱን ብቻ መውቀስ አይገባም። በተግባር ግን ሰዎች የገዙትና ሌሎች አምራቾች የገለበጡት ሁለቱንም ነው። እንዲያውም ሚዛናዊው አርማቸር በኋላ በሌላ ስልት ሲተካ፣ የሚስተካከለው ማሰሪያ በሐሳብ ደረጃ ሳይለወጥ ቀረ። የዛሬውም ነዳፊ የሚታገለው ከዚያው ጥያቄ ጋር ነው፤ ማሰሪያው እንዳይወድቅ ምን ያህል ይጨብጥ፣ እንዳያሳምም ምን ያህል ይልቀቅ? በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ ጠባብ ነው፣ የሰውም ራስ እንደ ጣት አሻራው ይለያያል።

በ1910ዎቹ አጋማሽ ባልድዊን ከማድቤቱ ወጥቶ በሚል ክሪክ ፋብሪካ ሠራ። አሜሪካ በኤፕሪል 1917 ዓ.ም. ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ትእዛዙ በአሥር መቆጠሩ አበቃ፤ ባሕር ኃይሉ በብዛት ጠየቀ፣ ፋብሪካውም ሰፋ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ገበያ ተከፈተ። በኖቬምበር 1920 ዓ.ም. የፒትስበርጉ ኬዲኬኤ ጣቢያ የምርጫ ውጤት በአየር ላይ ሲያሰማ የቤት ሬዲዮ ዘመን ጀመረ። በርካሽ የሚገኘው የክሪስታል ሬዲዮ ባትሪ ስለማይፈልግና ማጉያም ስለሌለው፣ በውስጡ ካለው ዕቃ ሁሉ ውዱና ወሳኙ ማዳመጫው ነበር። ጥሩ ማዳመጫ ያለው ሰው ሩቅ ጣቢያ ይሰማል፤ የሌለው ጎረቤቱን እያየ ይቀናል።

በዚህ ጊዜ የመርከቡ አቤቱታ በየቤቱ ገባ፤ አዲስም ተጨመረበት። ማዳመጫው አንድ፣ ቤተሰቡ አምስት ነው። ጥንዱን ለያይተው ባልና ሚስት አንድ አንድ ጆሮ ይይዛሉ፤ ልጆች ሽቦውን ይጎትታሉ፤ ሽቦው ይጠላለፋል፣ ከመሰኪያውም ይነቀላል። ብዙዎች ማዳመጫውን በሳህን ወይም በገበታ ውስጥ አስቀምጠው የሳህኑ ግድግዳ ድምፁን እንዲያጎላላቸው ያደርጉ ነበር፤ ሰውም በዙሪያው አንገቱን አስግጎ ይቀመጣል። ይህ ለነዳፊዎች የተላከ ግልጽ መልእክት ነበር። ሕዝቡ ማዳመጫውን ከራሱ አውርዶ ከጠረጴዛው ላይ ማየት ፈልጓል። የባልድዊን መሣሪያ በንቃቱ ምክንያት ለዚህም ተስማሚ ሆኖ ተገኘ፤ ቀንድ በሚመስሉ የጥንት ድምፅ ማጉያዎች አንገት ላይ እየተገጠመ ክፍሉን በድምፅ ሞላ። ገበያውም በዚያው መጠን ከማዳመጫ ወደ ድምፅ ማጉያ መሸጋገር ጀመረ።

በ1922 ዓ.ም. ፋብሪካው ከፍተኛ ደረጃው ላይ ደረሰ። አንድ መቶ ሃምሳ ያህል ሠራተኞች በቀን 150 ያህል ማዳመጫ ያመርቱ ነበር፤ የዓመቱም ገቢ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ባልድዊን በገንዘቡ ለራሱ ቤተ መንግሥት አልሠራም። ሠራተኞቹ የሚኖሩበትን መንደር ለማቋቋም ደክሟል፤ በአንድ በላይ ሚስት ማግባት በማመናቸው ምክንያት ከቤተ ክርስቲያንና ከሥራ የተገፉ ሰዎችንም በፋብሪካው አስጠግቷል። ከእነርሱ መካከል በኋላ የዚያ እምነት መሪዎች የሆኑ ይገኙበታል። እርሱ ራሱ በወጣትነቱ ሥራውን ያጣበት እምነት ስለሆነ፣ ለሌላው ደግሞ ዳቦ የሚያገኝበት በር መክፈቱ ከልቡ የመነጨ ነው።

ችግሩ ግን ያስጠጋቸውን በሥራ ብቻ ሳይወስን የኩባንያዎቹ ዲሬክተሮች፣ የገንዘቡም አማካሪዎች ማድረጉ ነው። ማግኔት ውስጥ ያለውን እኩልነት በፀጉር ውፍረት የሚለካ ሰው የሰዎችን ታማኝነት ለመለካት መሣሪያ አልነበረውም። ወዳጆቹ ያቀረቡለትን የንግድ ውጥን ሁሉ እየተቀበለ ከፋብሪካው የሚገኘውን ትርፍ በማይመለስ ጉዳይ ላይ አፈሰሰ። ለጓደኞቹ ገንዘብ ሰጠ፣ ኩባንያ ሲያቋቁሙም በስሙ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። በ1924 ዓ.ም. ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ስላቃተው ፍርድ ቤት በሾመው ባለአደራ እጅ ወደቀ። ሬዲዮ እየሰፋ በሄደበት፣ የመሣሪያው ተፈላጊነትም ገና ባልጠፋበት ወቅት ይህ መሆኑ የውድቀቱ ምክንያት ንድፉ እንዳልነበረ በግልጽ ያሳያል።

ከዚህ የከፋ ደግሞ ተከተለ። በ1930 ዓ.ም. ባልድዊን በፖስታ አማካይነት ማጭበርበር በሚባለው ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ በዋሽንግተን ስቴት ባለው በማክኒል ደሴት የፌዴራል ወህኒ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ታስሮ ተፈታ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሲታሰር ከፋብሪካው የተረፈው ነገር አልነበረም። ከወህኒ ከወጣም በኋላ የቀድሞውን ስፍራ ለመያዝ አልቻለም። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነው፤ የቤት ሬዲዮም በአምፖልና በድምፅ ማጉያ ተሟልቶ ስለሚሸጥ በአናት ላይ ማዳመጫ የሚያደርግ ኦፕሬተር፣ አብራሪና ወታደር ብቻ ሆኖ ነበር።

እነዚህ ጥቂቶች ግን የባልድዊንን ሥራ አልተዉትም። ሚዛናዊ አርማቸር በትንሽ ጉልበት የሚንቀሳቀስ ከሆነ በተቃራኒው ደግሞ ሲንቀሳቀስ ሞገድ ያመነጫል፤ አንድ ሰው ሲናገርበት ድምፁ ራሱ ሌላውን ጫፍ ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ባትሪ የማይፈልገው የመርከብ ስልክ የተሠራው በዚህ መሠረት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከብ ተመትቶ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሲቋረጥ መድፈኛውና አዛዡ የሚገናኙበት መስመር ይህ ነበር። በሌላ በኩል የጀርመኑ ኦይገን ባየር በ1937 ዓ.ም. በተንቀሳቃሽ ጥቅል ሽቦ የሚሠራ ማዳመጫ አውጥቶ ለሙዚቃ የሚሻለውን ጎዳና ከፈተ። ዛሬ በሰፊው የሚሸጠው ትልቁ ማዳመጫ የዚያ ልጅ ነው። የባልድዊን ምላስ ግን እጅግ አንሳ በመስማት መርጃ መሣሪያዎችና ሙዚቀኞች በመድረክ ላይ በጆሯቸው በሚሰኩት ማዳመጫ ውስጥ ትኖራለች። አንድ ጊዜ በጦር መርከብ ላይ የነበረችው፣ ዛሬ ጆሮው የደከመ ሽማግሌ የልጅ ልጁን ቃል የሚሰማባት ሆናለች። በታበርናክሉ የኋላ ረድፍ ላይ የተቀመጡት ምእመናን ችግር ምርምሩን ስላስጀመረ፣ መሣሪያው በመጨረሻ ወደ ተነሣበት ጉዳይ ተመለሰ ለማለት ይቻላል።

በጆሮ ቀዳዳ የሚሰካው ዓይነት ከመርካዲየ ጎማ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያልተፈታ የራሱ ችግር አለው። የጆሮ ቀዳዳ ከሰው ሰው ብቻ ሳይሆን በአንዱ ሰው በቀኝና በግራ ይለያያል። አምራቾች በአንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት ዓይነት የጎማ ጫፍ የሚያኖሩት ስለዚህ ነው፤ ገዢው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው የተገጠመውን ሳይለውጥ ይኖራል፣ ድምፁም ቀጠነ ብሎ መሣሪያውን ያማርራል። ጫፉ ካልገጠመ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣል፤ የባሕር ኃይሉ መርከበኛ ማዳመጫውን ሲያላላ ከደረሰበት ጋር አንድ ነው።

ባልድዊን የመጨረሻ ዓመታቱን በድህነት አሳልፎ በጃንዋሪ 19 ቀን 1961 ዓ.ም. በሶልት ሌክ ሲቲ በ82 ዓመቱ ዐረፈ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ጆን ኮስ የተባለ ሰው በሚልዋኪ ከተማ ለሙዚቃ ማዳመጫነት የታሰበ ባለ ስቴሪዮ መሣሪያ አቅርቦ በአናት ላይ የሚደረገውን ማዳመጫ ከኦፕሬተር ክፍል ወደ ሳሎን መልሶት ነበር። ለሁለቱ ጆሮ ሁለት የተለያየ ድምፅ ይሰማበት የጀመረው ዕቃ አያያዙ የባልድዊን ነው፤ በአናት ላይ የተዘረጋ ማሰሪያ፣ በሁለቱ ጫፍ የሚንሸራተቱና የሚዞሩ ማዳመጫዎች። በሚል ክሪክ የነበረው የፋብሪካ ሕንፃ አልፈረሰም። በ1985 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የገባ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሠዓሊዎችና የእጅ ጥበብ ሠራተኞች ክፍሎቹን ተከራይተው ሠርተውበታል።